አንድ ክስ፣ ሁለት ፍርድ፦ የብሪታኒያ ብሪጅ ሊግና የ1965ቱ የቦነስ አይረስ ጉዳይ

ብሪጅ በሚባለው የካርታ ጨዋታ ሁለት የብሪታኒያ ተጫዋቾች፣ ቴረንስ ሪስና ቦሪስ ሻፒሮ፣ በጣታቸው ምልክት ይለዋወጣሉ ተብለው ተከሰሱ። የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን «አጭበርብረዋል» አለ። የአገራቸው ማኅበር፣ የብሪታኒያ ብሪጅ ሊግ፣ ያቋቋመው አጣሪ ደግሞ ነገሩን ከአንድ ዓመት በላይ ሲመረምር ቆይቶ «ጥፋተኛ አይደሉም» አለ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው። ውድድሩም ያው ነው። የተቆጠሩት ጣቶችም እነዚያው ናቸው። ፍርዱ ግን ሁለት ሆነ።

ይህ ታሪክ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ሠርተውታል ወይ?» ብሎ ነው። ይገባኛል፣ እኔም መጀመሪያ ያጓጓኝ እሱ ነበር። ደጋግሜ ሳነበው ግን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ሆነ። ማን ይመለከታል? ማን ይከሳል? ማን ይፈርዳል? ምን ያህል ማስረጃ ሲገኝ ይበቃል? ሊጉ እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ የጀመረው ክሱ እጁ ላይ ከወደቀ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ እያንዳንዱ መልስ ለአንዱ ወገን ያደላ ይመስላል። እስቲ ከመጀመሪያው ልጀምር። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ብሪጅን ለማታውቁ በአጭሩ። አራት ሰዎች ጠረጴዛ ይከባሉ፣ ፊት ለፊት የተቀመጡት ጥንድ ናቸው። 52 ካርታ ይታደላል፣ ለእያንዳንዱ 13 ይደርሰዋል። መጀመሪያ ጨረታ አለ፤ እያንዳንዱ በተራው ስንት ዙር እንደሚያሸንፍና ከአራቱ የካርታ ዓይነቶች (አንዱ ልብ ነው) በየትኛው እንደሚጫወት ይጫረታል። ከዚያ ካርታ መጣል ይጀመራል። ጥንዶች ስለያዙት ካርታ የሚነጋገሩት በጨረታው ቃልና በሚጥሉት ካርታ ብቻ ነው። በሳል የለም፣ በዓይን የለም፣ በጣት የለም። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የጨዋታው ሕግ፣ ጥንዶች ከተፈቀደው ውጪ አስቀድመው በተስማሙበት ዘዴ መረጃ ከተቀባበሉ ከዚህ የከፋ ጥፋት የለም ይላል። ልብ በሉ፣ ጥፋቱ መረጃውን መቀባበሉ ነው። ተጠቀሙበት አልተጠቀሙበት ሌላ ጉዳይ ነው። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ፣ ምክንያቱም የለንደኑ ምርመራ የተንጠለጠለው በዚሁ ላይ ነው።

ሰዎቹ

ቴረንስ ሪስ በዘመኑ ስለ ብሪጅ ከጻፉት ሰዎች ሁሉ ስሙ ከፊት የሚጠራ፣ በጠረጴዛም ላይ የሚፈራ ተጫዋች ነበር። ቁጥብና ቀዝቃዛ ሰው ነው። ጥንዱ ቦሪስ ሻፒሮ ደግሞ ጨዋታ ወዳድ፣ ተናጋሪ። ሁለቱ በ1955 ቤርሙዳ ቦውልን፣ ማለትም የዓለም የቡድን ሻምፒዮናን፣ ካሸነፈው የብሪታኒያ ቡድን ውስጥ ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1965፣ ለዚያው ዋንጫ ወደ አርጀንቲና ዋና ከተማ ወደ ቦነስ አይረስ ሄዱ። አራት ቡድኖች ነበሩ፦ ጣሊያን፣ ሰሜን አሜሪካ፣ ብሪታኒያና አስተናጋጇ አርጀንቲና።

የብሪታኒያ ቡድን አምበል ራልፍ ስዊመር ነበር። በብሪጅ አምበል ሲባል ብዙ ጊዜ የማይጫወት ሰው ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚሰለፍ ይወስናል፣ ቡድኑን ይወክላል፣ ሲያስፈልግ ይከራከራል። ጄፍሪ በትለር የሚባል ሌላ እንግሊዛዊም እዚያው ነበር። በትለር የብሪታኒያ ብሪጅ ሊግ ሊቀመንበር ነው። የዓለም ፌዴሬሽን ሥራ አስፈጻሚ አባልም ነው። ሁለት ባርኔጣ፣ አንድ ራስ። ሰላም በነበረ ጊዜ ይህን ማንም ነገሬ አላለውም።

ጣቶቹ

መጀመሪያ ያየው አሜሪካዊው ቢ. ጄይ ቤከር ነው። ከነሪስ ጋር ሲጫወት ካርታ አያያዛቸው ግር አለው። ከካርታው ጀርባ የሚታየው የጣት ብዛት ይለዋወጣል። አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት። አንዳንዴ ገጥመው፣ አንዳንዴ ተራርቀው። ሰው ካርታ ሲይዝ ብዙውን ጊዜ የለመደውን አያያዝ ይዞ ይዘልቃል፤ እነዚህ ግን ካርታ በታደለ ቁጥር ይቀያይራሉ። ቤከር ነገሩን ለጥንዱ ለዶሮቲ ሃይደን ነገራት፤ ለአላን ትራስኮትም ነገረው። ትራስኮት የኒውዮርክ ታይምስ የብሪጅ አምደኛ ነው። በትውልዱ እንግሊዛዊ ስለሆነ ሪስንና ሻፒሮን ከድሮ ጀምሮ ያውቃቸዋል።

ሦስቱ ያዩትን ጣት እየመዘገቡ መጡ። ምን ማለት እንደሆነ ግን መጀመሪያ አልገባቸውም። በእንዲህ ያለ ውድድር ላይ የታደለው ካርታ ሁሉ ተመዝግቦ ስለሚቀር፣ በኋላ ቁጭ ብሎ ጣቱን ከካርታው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ሲያነጻጽሩት ከአንድ ነገር ጋር ገጠመላቸው፤ ከልብ ካርታ ብዛት ጋር። ሁለት ጣት ገጥሞ ከታየ ሁለት ልብ፣ ሁለት ጣት ተራርቆ ከታየ አምስት። ሦስት ገጥሞ ሦስት፣ ሦስት ተራርቆ ስድስት።

«ታዲያ የልብ ብዛት ብቻ ማወቅ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። ብዙ ይጠቅማል። በጥቅሉ 13 የልብ ካርታ አለ። አንተ አራት ከያዝክና ጥንድህ አምስት እንዳለው በእርግጠኝነት ካወቅህ፣ ለሁለቱ ተጋጣሚዎችህ የቀረው አራት ብቻ ነው። ጨረታው ገና ሳይጀመር የልብ ካርታ በሁለቱ ወገን እንዴት እንደተከፈለ አወቅህ ማለት ነው። ሌላው ሰው ግማሽ ሰዓት አስቦም የማይደርስበትን አንተ በነጻ አገኘኸው።

ጉዳዩ እንዴት ተያዘ

እስከዚህ ድረስ ሦስቱ ያደረጉትን አልነቅፍም። ጠረጠሩ፣ አዩ፣ መዘገቡ። ጮኸው ሰው አላዋረዱም። ክሱ በሰሜን አሜሪካው አምበል በጆን ጄርበር በኩል ወደ ኃላፊዎቹ ደረሰ።

ከዚህ በኋላ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። በትለር ሄዶ ጣት ተመለከተ። አምበሉ ስዊመርም የራሱን ተጫዋቾች ጣት ተመለከተ፣ ያየውንም መዘገበ። ሁለቱም በዓይናቸው አይተው አመኑ። ከዚያ የዓለም ፌዴሬሽን ኃላፊዎች ተሰብስበው ሰሙ። ሪስና ሻፒሮ ተጠሩ፣ ካዱ። ፌዴሬሽኑ ጥፋተኛ ናቸው አለ። ስዊመር ሁለቱን ከሰልፍ አውጥቶ፣ ብሪታኒያ ከሰሜን አሜሪካና ከአርጀንቲና ጋር ያደረገቻቸውን ግጥሚያዎች በፎርፌ ለቀቀ። ዋንጫውን ጣሊያን ወሰደች። የቅጣቱ ነገር ደግሞ ወደ አገራቸው ማኅበር፣ ወደ ብሪታኒያ ብሪጅ ሊግ ተመራ።

ስዊመር ያሳዝነኛል፣ የምሬን ነው። አምበል የቡድኑ አባት ማለት ነው። ተጫዋቾቹ የሚያምኑት፣ ሌላው ሲከሳቸው ከፊት የሚቆምላቸው እሱ ነው። እዚያ ግን በሁለት ቀን ውስጥ ጠባቂም፣ ታዛቢም፣ ምስክርም፣ ቀጪም ሆነ። ደግሞ ሌላ ምን ማድረግ ይችል ነበር? አላየሁም ብሎ ዝም ቢል ሕሊናው አይፈቅድለትም። ቡድኑን ይዞ ቢቀጥል የተጠረጠረ ድል ነው። ግጥሚያውን የለቀቀው አገሩን ከባሰ ውርደት ለማዳን ብሎ ነው ብዬ አምናለሁ። ያንን ሲያደርግ ግን በአገሩ ገና ማንም ሳይመረምረው የብሪታኒያ ቡድን ራሱ ጥፋቱን የተቀበለ መሰለ። ከዚያ በኋላ የሚቋቋም ማንኛውም የብሪታኒያ አጣሪ ሥራውን የሚጀምረው የራሱ አምበል በዓለም ፊት የለቀቀውን ግጥሚያ ከፊቱ አስቀምጦ ነው።

ስዊመር «ሻፒሮ ጥፋቱን ለእኔ አምኗል» ብሎ ተናገረ። ሻፒሮ ደግሞ እንዲህ አላልኩም ብሎ ካደ። ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል። በብሪጅ ዓለም ከዚያ የሚከብድ ክስ የለም፤ እና ትልቁ ማስረጃ «አለኝ» እና «አላልኩም» መካከል ወደቀ። የእምነት ቃል የሚወሰደው ሦስተኛ ሰው ባለበት፣ በጽሑፍ፣ ተፈርሞበት ነው። ይህን ለማወቅ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። ሆኖም ሰው በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ አያስበውም፤ ለዚህ ነው ደንብ ቀድሞ መጻፍ ያለበት። አምበሉ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ፣ ክስ ቢመጣ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው አንድ ገጽ ወረቀት አብሮ መግባት ነበረበት። ተጫዋቾችህን ብቻህን አታናግር፣ ራስህ ታዛቢ አትሁን፣ ሁለት ገለልተኛ ሰዎች ይመደቡ፣ ያዩትን እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ይጻፉና ታሽጎ ይቀመጥ። አራት መስመር ነው። አራት መስመር!

የበትለር ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ስለ ቅንነቱ ምንም አልልም፤ ክፉ አሰበ የሚያሰኝ ነገር አላየሁም። ችግሩ ወንበሩ ነው። በዓለም ፌዴሬሽን ውስጥ ተቀምጦ ጉዳዩን ያየው፣ በዓይኑ ተመልክቶ ያመነው ሰው፣ ጉዳዩ የተመራለት አገራዊ ሊግ ሊቀመንበር ነው። ላኪውም ተቀባዩም እሱ ሆነ። ሪስና ሻፒሮ «አገራችን ሄደን በገለልተኛ ዳኛ ፊት እንቆማለን» ቢሉ የሊጉ በር ላይ የሚጠብቃቸው ያው ሰው ነው። ሊጉም ይህ የታየው ይመስለኛል፤ ፍርዱን ለራሱ ኮሚቴ አልሰጠም። ከውጭ ሰው ፈለገ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የማደንቀው ውሳኔ ይህ ነው።

ለንደን

አጣሪ ሆነው የተሰየሙት ሁለት ናቸው። አንዱ ሰር ጆን ፎስተር፣ ታዋቂ ጠበቃና የፓርላማ አባል። ሌላው ጄኔራል ሎርድ በርን። ጠበቆች ቆሙ፣ ምስክሮች ተጠየቁ፣ የብሪጅ አዋቂዎች እየቀረቡ ካርታ በካርታ ተነተኑ። ለክሱ የተወሰደው መለኪያ የወንጀል ችሎት መለኪያ ነበር፤ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት። ውሳኔው የወጣው በነሐሴ 1966 ነው።

ሪፖርቱ ያለውን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። ስለ ጣቶቹ የቀረበው የዓይን ምስክርነት ጠንካራ ነው። ግን ጨረታውና አጨዋወቱ ሲመረመር የጥንዱን የልብ ብዛት የሚያውቅ ሰው የሚያደርገውን አያሳይም። ይህ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ፈጥሯል። ስለዚህ ጥፋተኛ አይደሉም።

እዚህ ጋ ቀስ እንበል፣ የጉዳዩ ማሰሪያ እዚህ ነው። ከፊታችን ሁለት ዓይነት ማስረጃ አለ። አንደኛው በጠረጴዛው ዙሪያ የታየው ነው፤ ጣት። ሁለተኛው በወረቀት የቀረው ነው፤ ማን ምን ተጫረተ፣ የትኛውን ካርታ ጣለ። የመጀመሪያው አጭበርብረዋል ይላል፣ ሁለተኛው አይመስልም ይላል። ሁለቱ ሲጋጩ የትኛውን ታምናለህ?

የአጣሪዎቹ መንገድ ለእኔ ግልጽ ነው። ሰው የማይጠቀምበትን ምልክት ለምን ያሳያል? በዚያ ደረጃ ያለ ተጫዋች ስሙን፣ እንጀራውን፣ ዕድሜ ልኩን የሠራውን ሁሉ አደጋ ላይ ጥሎ፣ ያገኘውን መረጃ ደግሞ ሳይጠቀምበት ይቀራል? አይመስልም። እንግዲያው ጣቶቹን ያዩት ሰዎች፣ ሐቀኛ ቢሆኑም፣ ተሳስተው ሊሆን ይችላል። ሰው መፈለግ ከጀመረ የሚፈልገውን ያያል፤ ይህም እውነት ነው። ይህን ክርክር ማንም እንደ ቀልድ ሊያልፈው አይችልም።

እኔ ግን ሁለት ነገር ይከነክነኛል። አንደኛ፣ ያጭበረበረ ሁሉ ባገኘው መረጃ አይጠቀምም። ብልጥ ከሆነ አሥር ጊዜ አይቶ አንዴ ይጠቀማል፤ ያንንም አንዴ ሌላ ጥሩ ምክንያት ባለው ቦታ ያደርገዋል። ከዚህም አልፎ የአንድ ውድድር ካርታ ጥቂት ነው። በጥቂት ካርታ ላይ «እዚህ ጋ ቢያውቅ ኖሮ እንዲህ ያደርግ ነበር» ማለት አስተያየት ነው፣ አዋቂዎቹም እርስ በርሳቸው ሊለያዩበት ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ክሱ ምልክት ተለዋወጡ የሚል ነበር። አትርፈዋል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ማትረፋቸው አለመታየቱ ምልክት አልነበረም ለማለት እንደ ማስረጃ ሆኖ ገባ። ሊገባ ይችላል፤ ነገር ግን ምን ያህል ሚዛን እንደሚደፋ የሚናገር ደንብ አልነበረም፤ ያንን የወሰኑት ሁለት የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ሌሎች ሁለት የተከበሩ ሰዎች ቢሰየሙ ሌላ መልስ ሊመጣ ይችል ነበር።

የመለኪያው ምርጫም እንደዚሁ ነው። ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ የሚለው ሰውን ወደ እስር ቤት ለመላክ የተሠራ መለኪያ ነው። የስፖርት ማኅበር ማንንም አያስርም። ሆኖም በካርታ ለሚተዳደር፣ ስለ ካርታ እየጻፈ ለሚኖር ሰው «አጭበርባሪ» መባል ከእስር አያንስም። ስለዚህ መለኪያው ከፍ ማለቱን አልቃወምም። የምቃወመው ቦነስ አይረስ ላይ በሆቴል ክፍል፣ በጥድፊያ፣ በአንድ መለኪያ የተፈረደ ነገር ለንደን ላይ በረጋ መንፈስ በሌላ መለኪያ መፈረዱን ነው። ሁለቱ አካላት ስለ አንድ ጉዳይ የተናገሩ ይመስላሉ፣ በእርግጥ ግን ለየቅል ጥያቄ ነበር የመለሱት። አንዱ «አመናችሁ ወይ?» ተባለ። ሌላው «ምንም ጥርጣሬ አልቀረላችሁም ወይ?» ተባለ። ለመጀመሪያው አዎ፣ ለሁለተኛው ደግሞ አልቀረልንም ለማለት አንደፍርም ቢባል በሎጂክ የሚጋጭ ነገር የለም። ለሕዝብ ሲነገር ግን አንዱ ጥፋተኛ፣ አንዱ ንጹሕ ብሎ ተነገረ፤ ጎራ ተለየ፣ ወዳጆች ተኮራረፉ።

ማን ማንን ይሽራል?

የዓለም ፌዴሬሽን የለንደኑን ውሳኔ አልተቀበለም። በ1967 የቦነስ አይረሱን ፍርድ መልሶ አጸናው። ሪስና ሻፒሮ ያሉበትን ቡድን በ1968 በፈረንሳይ ዶቪል በሚደረገው የዓለም ኦሊምፒያድ እንደማይቀበልም አሳወቀ።

አሁን ሊጉ መንታ መንገድ ላይ ቆመ። ሁለቱን ትቶ ሌሎች ተጫዋቾች ቢልክ «ጥፋተኛ አይደሉም» ያለውን የራሱን ውሳኔ በተግባር እየሻረ ነው። ባይልክ ደግሞ በነገሩ ውስጥ የሌሉበት ተጫዋቾች ይቀጣሉ። ላለመሄድ ወሰነ፤ ብሪታኒያ በዶቪሉ የክፍት ምድብ ውድድር ሳትሰለፍ ቀረች።

እነዚያ ስማቸው የማይነሳ ተጫዋቾች በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ኦሊምፒያድ ያኔ በየአራት ዓመቱ ነበር የሚመጣው። ለአንድ ተጫዋች አንዴ ያመለጠ ዕድል ላይመለስ ይችላል። ማንም አልከሰሳቸውም፣ ማንም አልሰማቸውም፣ ግን ዋጋውን ከፈሉ። ሊጉ ለመርሕ ብሎ ነው ያደረገው፤ አከብራለሁ። የመርሑን ሒሳብ ግን የከፈለው ሌላ ሰው ነው።

ሥሩ ደግሞ ይህ ነው። የዓለም ፌዴሬሽን ጥፋተኛ ናቸው ብሎ ከፈረደ በኋላ ጉዳዩን ለሊጉ መራው። ምን እንዲያደርግበት? ቅጣት ብቻ እንዲወስን ከሆነ ያንን በግልጽ ማለት ነበረበት። ከመነሻው እንዲመረምር ከሆነ ደግሞ የሚመጣውን ውሳኔ ለመቀበል ቀድሞ መስማማት ነበረበት። ሁለቱንም አላደረገም። ሊጉም ሥራውን ከመጀመሩ በፊት «ነጻ ናቸው ካልን ትቀበላላችሁ?» ብሎ በጽሑፍ አልተዋዋለም። አንድ ዓመት ሙሉ ጠበቃ ሲከራከር፣ ምስክር ሲላብ ተከርሞ ማንንም የማያስገድድ ወረቀት ወጣ። ሁለት ሰው ዳኛ ሲሻ እንኳ መጀመሪያ «የፈረድከውን እንቀበላለን» ብሎ ነው የሚቀመጠው።

እገዳው በ1968 ተነሳ። ፍርዱ ግን አልተሻረም። ሻፒሮ ለረጅም ዘመን ተጫወተ፤ በ1998፣ ዕድሜው ወደ ዘጠና ሲጠጋ፣ የብሪታኒያን ጎልድ ካፕ ካሸነፈው ቡድን ውስጥ ነበር። ሪስ ይበልጡን ወደ መጻፉ አዘነበለ።

የተማሩት ምንድን ነው?

ስፖርቱ ስለ ዕቃው ብዙ ተማረ። በ1975 በቤርሙዳ በተደረገው ቤርሙዳ ቦውል ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ግርዶሽ ቆመ፤ ጥንዶች እንዳይተያዩ ነው። እጅና ፊት ተጋረደ። በዚያው ውድድር ላይ ሁለት ጣሊያናውያን፣ ፋኪኒና ዙኬሊ፣ ከጠረጴዛ ሥር በእግር ይነካካሉ ተብለው ተከሰሱ፤ ተግሣጽ ተሰጣቸው፣ አጭበርብረዋል የሚል ፍርድ ግን አልተሰጠም። ከዚያ እግርም ተጋረደ። በድምፅ መጫረት ቀርቶ ቃሉ የታተመበት ካርድ ከሳጥን ማውጣት መጣ። በኋላ ቪዲዮ መጣ።

ስለ ፍርዱ ግን የተማሩት ዘግይተው ነው። በ2015 የኖርዌዩ ቦዬ ብሮግላንድ ታላላቅ ጥንዶችን በአደባባይ ሲከስ፣ ከተከሰሱት መካከል በዚያን ጊዜ ለሞናኮ የሚጫወቱት ጣሊያናውያን ፋንቶኒና ኑኔስ ነበሩ። ክሱ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡ አንዴ ቁም አንዴ አግድም እያደረጉ ምልክት ይሰጣሉ የሚል ነው። አሁን ቪዲዮ አለ፣ ማንም ደጋግሞ ማየት ይችላል። የአውሮፓ ብሪጅ ሊግ ቀጣቸው። በጥር 2018 ግን የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት፣ ካስ የሚባለው፣ በሚፈለገው ልክ አልተረጋገጠም ብሎ ቅጣቱን ሻረ። ሰዎች ተናደዱ። በ2021 የጣሊያን ፌዴሬሽን ፋንቶኒን በብሔራዊ ቡድኑ ውስጥ ሲያሰልፍ፣ ሌሎቹ ቡድኖች በአውሮፓ ማጣሪያ ከጣሊያን ጋር አንጫወትም ብለው በፎርፌ መሸነፍን መረጡ።

ከ1965 ጋር አስተያዩት። ያኔም ምልክቱን ያዩ ሰዎች እርግጠኛ ነበሩ፣ የፈረዱት ግን አልበቃንም አሉ። አገራዊው ማኅበር ያኔም አሁንም «በሕግ ነጻ ነው» እና «ባልደረቦቹ አያምኑትም» በሚሉት ሁለት እውነቶች መካከል ተቀረቀረ። ካስ ላይ ያለው መለኪያ ከወንጀሉ ዝቅ፣ ከፍትሐ ብሔሩ ከፍ ያለ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀድሞ የታወቀ ነው። ሁሉም ሲገባ ያውቀዋል። ውሳኔውን ልትጠላው ትችላለህ፣ መለኪያውን በመሃል ቀየራችሁ ማለት ግን አትችልም። የ1965ቱ ተከራካሪዎች ይህን አላገኙም፣ ከሳሾቹም ተከሳሾቹም።

የ2021ዱን የፎርፌ አድማ እንዴት እንደምፈርደው እስካሁን ልቤ ይከፈላል። ሰው ከማያምነው ጋር ጠረጴዛ አልቀመጥም የማለት መብት አለው። ብሪጅ በእምነት የሚቆም ጨዋታ ነው። ግን ፍርድ ቤት ቅጣቱን የሻረለትን ሰው ሁሉም በአንድነት ሲያገል፣ በሌላ ጉዳይ የተከሰሰ ንጹሕ ሰው ነገ ምን ይጠብቀዋል? የጣሊያን ፌዴሬሽን በበኩሉ ሰውየውን ማሰለፍ መብቱ ነበር፤ ማሰለፍ መቻልና ማሰለፍ መገባት ግን ይለያያሉ። እኔ ብሆን አላሰልፈውም ነበር፣ ያላሰለፍኩበትን ምክንያት ደግሞ በስሜ ፈርሜ በአደባባይ እጽፈው ነበር።

የ2005ቱ ወሬ

ጉዳዩ ተኝቶ ሳለ፣ ልክ በአርባ ዓመቱ፣ በ2005 አንድ የብሪጅ መጻሕፍት አሳታሚ ወጥቶ ተናገረ። ሪስ በዚያው ዘመን ነግሮኛል አለ። ሁለቱም ሳይሞቱና አርባ ዓመት ሳይሞላ እንዳላወጣው አስምሎኝ ነበር አለ። እንደ ሰውየው አነጋገር፣ ሪስና ሻፒሮ በእርግጥ ምልክት ተለዋውጠዋል፤ ግን ሪስ ስለ ማጭበርበር ሊጽፍ አስቦ፣ በዓለም ሻምፒዮና ላይ መረጃ ማስተላለፍ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ለማሳየት ያደረገው ሙከራ ነበር። በጨረታውም በአጨዋወቱም አልተጠቀሙበትም።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ለረጅም ጊዜ አሰብኩ። እውነት ከሆነ የለንደኑን እንቆቅልሽ አንድ በአንድ ይፈታዋል። ጣቱን ያዩት ትክክል ናቸው፣ ምልክት ነበር። ካርታውን የመረመሩትም ትክክል ናቸው፣ ጥቅም ላይ አልዋለም። «የማይጠቀምበትን ምልክት ሰው ለምን ያሳያል?» ለሚለውም የማይታሰብ መልስ መጣ። በሕጉ ዓይን ግን ያኔም ጥፋት ነው፤ ሙከራ ነው ቢባልም ተጋጣሚዎቹ አልፈቀዱትም፣ አምበሉ አያውቀውም፣ ሊጉ አያውቀውም።

እውነት ካልሆነስ? ሁለት ሰዎች ከሞቱ በኋላ ሊመልሱት በማይችሉት ቃል ዳግመኛ ተከሰሱ ማለት ነው። ይህም ልክ እንደ ስዊመርና ሻፒሮ «አለኝ» ነው፤ መስቀለኛ ጥያቄ አልተጠየቀም፣ የተፈረመ ወረቀት አልቀረበም። የሚጠየቅበት ቦታ በ1965 እና በ1966 ነበር። ሪስ በ1996 ሞቷል፣ ሻፒሮ በ2002።